ፓንዲት ብቻውን ተከራከረ

ይህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሕግ ለሚማሩና ሥራ ለጀመሩ ልጆቻችን ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በዕለቱ የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ዓ.ም. እላለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰኞ ፈተና አለባችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ሳትተኙ ነው የመጣችሁት።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌሎች ሰዎች ጉባኤ ነው፣ ስለ ደቡብ እስያ ጠበቆች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ወላጆቿ ከላሆር የመጡ ናቸው፣ «ዘንድሮ ኮንቬንሽናችን ላይ ካልመጣሽ አልለቅሽም» አለችኝ። እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ አልኳት። ሕንዳዊ አይደለሁ፣ ፓኪስታናዊ አይደለሁ። «ጠበቃ አይደለሽ?» አለችኝ። እሱስ ነኝ። በዚያ ላይ የትምህርት ሰዓት ጎድሎኝ ነበር። ፈቃዴ የኒውዮርክ ነው፤ ኒውዮርክ ደግሞ ልምድ ያለው ጠበቃ በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት የሕግ ትምህርት እንዲወስድ ያስገድዳል። ቢሮዬ ቨርጂኒያ ቢሆንም የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ በኒውዮርክ ፈቃድ እሠራበታለሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ያቺን ሰዓት ለመሙላት ነበር።

ሰዓቱን ሞልቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ሳካራም ጋኔሽ ፓንዲት ይባላል። ከመቶ ዓመት በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ጠበቃ የነበረ ሕንዳዊ ነው። እዚያው ከሰዎች ጋር ስንጨዋወት ስሙ ተነሣ፣ ማታ ሆቴል ክፍሌ ገብቼ ፍርዱን ፈልጌ አነበብኩት፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፓንዲትን ለማወቅ መጀመሪያ ባጋት ሲንግ ቲንድን ማወቅ ያስፈልጋል። ቲንድ የሕንድ፣ የፑንጃብ ሰው ነው። በ1913 አሜሪካ ገባ። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ ለአሜሪካ ጦር ወታደር ሆነ። በዚያው ዓመት ዜግነት ሰጡት። በአራተኛው ቀን ነጠቁት። ተስፋ አልቆረጠም፤ ኦሬገን ውስጥ እንደገና አመለከተ፣ በ1920 ዳኛው ፈቀደለት። መንግሥት ግን አልተወውም፣ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

የዚያን ጊዜ ሕግ ምን ይል ነበር? በ1790 የወጣው ሕግ በማመልከቻ ዜጋ የሚሆነው «ነፃ የሆነ ነጭ ሰው» ነው ይላል። በ1870 ደግሞ አፍሪካ የተወለደ ወይም የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው ተጨመረ። ይህን እዚህ ክፍል ውስጥ ላለነው ቆም ብዬ ልናገረው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሳነበው ለራሴም አስገርሞኛል። በ1923 አንድ ኢትዮጵያዊ በሕጉ ፊት ቆሞ ዜግነት መጠየቅ ይችል ነበር። በወረቀት፣ ማለቴ ነው፤ ጥቁር ሰው ዜግነት ይዞም ምን ይደርስበት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ሕንዳዊው ግን ነጭም አይደለም፣ አፍሪካዊም አይደለም ተብሎ በር ላይ ቀረ።

ቲንድ ምን ብሎ ተከራከረ? የዘመኑን የዘር ሊቃውንት መጻሕፍት ይዞ መጣ። እነሱ ሰሜን ሕንዳዊውን ከካውካሲያን፣ አውሮፓውያንን ከሚመድቡበት ዘር፣ ይመድቡት ነበር። ከሦስት ወር በፊት ይኸው ፍርድ ቤት የአንድ ጃፓናዊን ማመልከቻ ሲጥል «ነጭ ማለት ካውካሲያን ማለት ነው» ብሎ ነበርና፣ ቲንድ «እንግዲያው እኔ ካውካሲያን ነኝ» አለ። ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ የጃፓናዊውንም ፍርድ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ የካቲት 19 ቀን 1923 ሌላ መለኪያ ይዘው መጡ። ሊቃውንት ያሉትን ተዉት፣ ተራው ሰው ነጭ ብሎ የሚጠራው ማንን ነው የሚለው ነው የሚወስነው አሉ። በሦስት ወር ውስጥ መለኪያው ተቀየረ። አንድም ዳኛ አልተቃወመም።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ቲንድ ከከፍተኛ ካስት የተወለድኩ ንጹሕ አርያን ነኝ ብሎም ተከራክሯል። ካስት ማለት ሰው በትውልዱ የሚመደብበት የሕንድ ማኅበራዊ ደረጃ ነው። ከታች ያሉትን የገዛ ወገኖቹን ረግጦ በር ለመግባት የተደረገ ክርክር ነው። ያሳዝነኛል። በሩ ለእሱም አልተከፈተም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ከፍርዱ በኋላ መንግሥት ቀድሞ ዜግነት ያገኙትን ሕንዳውያን አንድ በአንድ እየከሰሰ ወረቀታቸውን መቀማት ጀመረ። አሁን ወደ ፓንዲት እንምጣ። በ1914 ዜጋ ሆኗል፣ በ1917 የካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈቃድ አግኝቷል። ጠበቃ ለመሆን ዜጋ መሆን ግድ ነበር። ስለዚህ ዜግነቱ ሲሄድ ፈቃዱም ይሄዳል። አሜሪካዊት ሚስት አግብቷል፤ በዚያን ጊዜ ሕግ ዜጋ ሊሆን የማይችል ሰው ያገባች ሴት የራሷን ዜግነት ታጣለች። ሰውየው ዜግነቱን፣ እንጀራውንና የሚስቱን አገር ሊያጣ ነው፣ ሁሉንም በአንድ መዝገብ። የሌሎች ወገኖቹ ጠበቃ ሆኖ ሲከራከር ቆይቶ አሁን የራሱን ጉዳይ ያዘ።

ያቀረበው ክርክር የጠበቃ ክርክር ነው። ነጭ ነኝ አይደለሁም ወደሚለው ጭቃ አልገባም። በ1914 መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቃውሞኛል፣ ተሟግተናል፣ ዳኛው ፈርዶልኛል፣ መንግሥት ይግባኝ አላለም፤ እኔ ደግሞ ያንን ፍርድ አምኜ ሕግ ተምሬ፣ ቤት ገዝቼ፣ ሚስት አግብቻለሁ፤ ታዲያ ከዓመታት በኋላ እንዴት ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ አለ። በ1926 ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቀበለው። በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ዳግም አይነሣም አለ። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥትን አቤቱታ አላይም ብሎ መለሰው።

አዲስ አበባ ሕግ የተማራችሁ እዚህ አላችሁ አይደል? እጃችሁን አውጡ እስኪ። ይህ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 5 ነው። እኔ ሲያስተምሩኝ ለፈተና ሸምድጄው አልፌያለሁ፣ የማንን ሕይወት እንደሚያድን አልገባኝም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በጉባኤው ሁለተኛ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ሕንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ጥብቅና ከሠሩ አንድ አዛውንት ጋር ቆምኩ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው «የእናንተ ሕግ የፈረንሳይ ነው አይደል?» አሉኝ። የፍትሐ ብሔሩ አዎ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ የ1952 ዓ.ም. ሕግ ነው። የሥነ ሥርዓቱ ግን፣ የ1958 ዓ.ም. ሕግ፣ በአብዛኛው የተቀዳው ከእናንተ ከ1908ቱ የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው አልኳቸው። አላመኑም። ስልኬን አውጥቼ የኛን አንቀጽ 5 በእንግሊዝኛው አነበብኩላቸው፣ እሳቸው ያለ ወረቀት የነሱን አንቀጽ 11 በቃላቸው አሉት። ወንድማማች ነው። ሻያችን ቀዘቀዘ። እኚያ አባት ያን ቀን ያገኙትን ጠበቃ ሁሉ እየጎተቱ «ይቺ ልጅ የኛን ሥነ ሥርዓት ሕግ በአማርኛ ነው የተማረችው» ሲሉ ዋሉ። በእንግድነት ገብቼ በዘመድነት ወጣሁ።

ወደ ካሊፎርኒያ ልመልሳችሁ። ፓንዲት ሎስ አንጀለስ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ስቴት ቫይሽኖ ዳስ ባጋይ የሚባል ነጋዴ ነበር። በ1915 ከሚስቱ ከካላና ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ሳንፍራንሲስኮ የገባ፣ ሱቅ የከፈተ፣ በ1921 ዜጋ የሆነ ሰው ነው። ከቲንድ ፍርድ በኋላ ዜግነቱን ቀሙት። ዜጋ ሊሆን የማይችል ሰው መሬት አይኖረውም የሚል የካሊፎርኒያ ሕግ ነበርና ንብረቱ ከእጁ ወጣ። ወደ ሕንድ ሄዶ ዘመዶቹን ለመጠየቅ የአሜሪካ ፓስፖርት ጠየቀ፣ ከለከሉት። በ1928 ሳን ሆዜ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ጋዝ ከፍቶ ራሱን አጠፋ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ትቶ ነው የሞተው።

ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ፓንዲት በ1927 ጨርሶ አሸነፈ፣ ባጋይ በ1928 ሞተ። የአንዱ ፍርድ ሌላውን አላዳነም። አንድ ጠበቃ የራሱን ቤት ከእሳት አወጣ፣ ጎረቤቱ ተቃጠለ። ፓንዲትን አልወቅስም፣ እግዜር ያውቃል ያደረገውን አድርጓል። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ግን እሱን መሰል ስንት ጠበቃ ነበረ? ዜጋ ያልሆነ ጠበቃ አይሆንም፣ ሕንዳዊ ዜጋ አይሆንም፣ ስለዚህ አዲስ ጠበቃ ከየት ይመጣል? ሰሜን ላይ፣ ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥም ያው ነበር። በመራጭነት ያልተመዘገበ ጠበቃ መሆን አይችልም ነበር፣ የደቡብ እስያ ሰዎች ደግሞ እስከ 1947 መምረጥ አይፈቀድላቸውም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሕንዳውያን ዜግነት የማግኘት መብት ያገኙት በ1946 ነው፣ ያውም ለመግባት በዓመት መቶ ሰው ብቻ ተፈቅዶ። ሰፊው በር በ1965ቱ ሕግ ተከፈተ። ሐኪሙና ኢንጂነሩ መጣ። ጠበቃ የሆኑት ልጆቻቸው ናቸው፣ እሱም ስንት ጭቅጭቅ ታልፎ። እዚያ ያገኘኋቸው ሁሉ የነገሩኝ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። አባት ዶክተር ሁን ይላል፣ ልጅ ተደብቆ ለሎው ስኩል ያመለክታል። የኛም ቤት ይኸው ነው። በላ ልበልሃን ያህል የሙግት ባህል ያለው ሕዝብ ልጁ ጠበቃ እሆናለሁ ሲለው ለምን እንደሚደነግጥ አይገባኝም።

የሰሜን አሜሪካ የደቡብ እስያ ጠበቆች ማህበር የተመሠረተው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት በየከተማው ትናንሽ ማህበራት ነበሩ። ጊዜውን ልብ በሉ። በመስከረም 2001 ኒውዮርክ ከተመታች በአራተኛው ቀን አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባል የነዳጅ ማደያ ባለቤት፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነው፣ ጥምጥሙ ታይቶ ተገደለ። በ2002 መንግሥት ከብዙ አገሮች የመጡ፣ አብዛኞቹ የሙስሊም አገሮች ናቸው፣ ወንዶችን ልዩ ምዝገባ ብሎ አሰለፋቸው። ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በገዛ እግራቸው ሊመዘገቡ ሄደው የታሰሩ አሉ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስለሆንኩ ሰውን አይዞህ ሂድ ተመዝገብ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ እነዚህ ጠበቆች በአገር ደረጃ የተሰባሰቡት።

ስማቸውን ደግሞ እዩት። የሕንድ ጠበቆች አላሉም። ደቡብ እስያ አሉ። ሕንድና ፓኪስታን ስንት ጊዜ ተዋግተዋል፤ ባንግላዴሽ ከፓኪስታን በደም ነው የተለየችው፤ ስሪላንካ ከሃያ ዓመት በላይ እርስ በርሷ ተዋግታለች። የእነዚህ ሁሉ ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ተስማምተው አይደለም። እራት ላይ ሕንድና ፓኪስታን ስለሚጣሉባት ስለ ካሽሚር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የካስት ጉዳይም አለ፣ ያ ቲንድ ይዞት የቀረበው። በ2023 ሲያትል በካስት ማድላትን በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ሆነች። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ሕግ ምክር ቤቱ አጽድቆ ገዥው አልፈርምም አሉ። ማህበረሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ቁስሉ መቶ ዓመት ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮ መጥቷል። እነሱ ግን እየተጨቃጨቁም በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። እኛ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የምናደርገው ማህበሩን ለሁለት መክፈል ነው። ይህን የምለው ሆዴ እያዘነ ነው፣ ለሁለት ሲከፈል ካየሁት ማህበር ውስጥ እኔም አባል ነበርኩ።

እሺ፣ ጉባኤው ላይ ምን ይደረጋል? ቀን ቀን ትምህርት አለ፣ ሰዓቱ ለፈቃድ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ክፍያ ይሸፍናል፣ ሰው በብዛት የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማህበር ስታቋቁሙ አስታውሱት። ማታ የእራት ግብዣ አለ። ዋናው ሥራ ግን ኮሪደር ላይ ነው የሚሠራው። የትልልቅ ኩባንያ የሕግ ክፍል ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ እነሱ ለማን ሥራ እንደሚሰጡ የሚወስኑ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል ዳኛ አጠገብ ቡና ሲቀዳ አየሁ። ዳኛው ስሙን ጠየቁት፣ ስሙን በትክክል ጠሩት፣ «የጽሑፍ ሥራህን ላክልኝ» አሉት። በሌላ ቦታ ያ ተማሪ እዚያ ሰው ዘንድ ለመድረስ ስንት ደጅ መጥናት ነበረበት!

ዳኝነቱን ካነሳሁ ልቀጥል። አሙል ታፓር በ2007 መጨረሻ ሴኔት ሲያጸድቃቸው የደቡብ እስያ ዘር ያላቸው የመጀመሪያው የፌዴራል ዳኛ ሆኑ። ሽሪ ስሪኒቫሳን ሕንድ፣ ቻንዲጋር ተወልደው ካንሳስ ያደጉ ናቸው፤ በ2013 ሴኔት 97 ለ0 አጽድቋቸው ዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ገቡ፣ በ2020 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኑስራት ቹድሪ በ2023 የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆነች፣ ቤተሰቦቿ የባንግላዴሽ ሰዎች ናቸው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ማህሙድ ጀማል በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ። እሳቸው ናይሮቢ ነው የተወለዱት፣ የኛው ሰፈር።

ከ1923 እስከ 2007 ሰማንያ አራት ዓመት ነው። ሰዎቹ ጎበዞች ስለሆኑ ብቻ የደረሱ አይምሰላችሁ። ዕጩ ዳኛ ሲመረጥ የጠበቆች ማህበራት ይመዝናሉ፣ ለሴኔት ኮሚቴ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስም ያስተዋውቃሉ። ማህበር የሌለው ሰው ጎበዝ ቢሆንም ስሙን የሚያነሣለት የለም። ይህን መንገድ መጀመሪያ የቀደዱት ጥቁር ጠበቆች ናቸው። ትልቁ የአሜሪካ ጠበቆች ማህበር አናስገባችሁም ሲላቸው በ1925 አዮዋ፣ ዴ ሞይን ላይ የራሳቸውን አቋቋሙ። እኛ ዛሬ ፍርድ ቤት ገብተን የምንቀመጥበት ወንበር የእነሱም ላብ ነው።

የራሴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ፍርድ ቤት ደንበኛዬን ይዤ ገባሁ። ፋይሌን እንደያዝኩ፣ ሱፌን እንደለበስኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና «አስተርጓሚዋ መጥታለች፣ ጠበቃውን እንጠብቅ» አለች። ደንበኛዬ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ማስተርጎም የተከበረ ሥራ ነው፣ በእሱ አላፈርኩም። ያመመኝ ያን ቀን ማታ የምደውልለት ሰው ማጣቴ ነው። እንዲህ ሲደርስባቸው ምን እንዳደረጉ የምጠይቃቸው፣ ከእኔ በፊት ያለፉበት አንዲት ኢትዮጵያዊት ጠበቃ አላውቅም ነበር። በዚያ ጉባኤ አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ የምንሆን ሴቶች ተቀምጠን ይኸው ታሪክ ከሃያው ከአሥራ አንዱ አፍ ወጣ። ቆጥሬያለሁ። አንዷ ምን እንደምትል ነገረችን፤ ቆማ፣ ስሟን ተናግራ፣ «ለመዝገብ ይያዝልኝ» ትላለች። አሁን እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከአዲስ አበባ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ለመጣችሁም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ኒውዮርክ የውጭ ዲግሪ ሲመዝን የትምህርቱን ርዝመትና የአገሩ ሕግ ከእንግሊዝ ኮመን ሎው፣ ማለትም በፍርድ ቤቶች ፍርድ ላይ ከተመሠረተው ሕግ፣ የወጣ መሆኑን ያያል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከጎደለ እዚህ ኤልኤልኤም፣ የሕግ ማስተርስ፣ ተምሮ ማሟላት ይቻላል። ሕንድ ኮመን ሎው ስለሆነች ብዙዎቹ ያለ ኤልኤልኤም ለባር ፈተና ይቀመጣሉ። የኛ ሕግ ቅይጥ ነው፣ እኔ ተምሬ ነው ያለፍኩት። ካሊፎርኒያ ደግሞ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ሰው ለፈተና ታስቀምጣለች። ስለዚህ አገር ቤት ፈቃድ ያላችሁ እባካችሁ እንዳታስነጥቁት፣ ወረቀቱንም ከመምጣታችሁ በፊት አስመስክራችሁ ያዙ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ዓመት አተርፍ ነበር።

አሁን ሻይ ይጠብቀናል፣ አላስረዝም። ባልደረባዬ ለሚቀጥለው ጉባኤያቸው ሦስት ተማሪ ይዤ እንድመጣ ነግራኛለች፤ የተማሪ መግቢያ ከጠበቃው ያነሰ ነው፣ የጎደለውን እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንሸፍናለን። ከሻዩ ጠረጴዛ አጠገብ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆናችሁ ጻፉ። ከሦስት በላይ ከሆናችሁም ጻፉ፣ መኪናዬ ሰባት ሰው ይይዛል።